ምራቅ መዋጥ

እህቴ ሂልትሩድ፣ ከሞዜል ወንዝ ዳር፣
ወይን ቀማሽ ነበረች፤ ምላሷ ምስክር።
እኔ ከገደሉ፣ ከሚላጠው ድንጋይ፣
ቅርጫት ተሸክሜ ስወርድ በፀሐይ፣
እሷ ከጥላው ሥር፣ ከነጭ ጠረጴዛ፣
ትጎነጭ ነበረ ብርጭቆዋን ይዛ።
አፏ ውስጥ አዙራ፣ በጥርሷ አፋጭታ፣
ጠብታ ሳትውጥ፣ ባልዲው ውስጥ ተፍታ፣
ትጽፋለች፦ «አረንጓዴ ፖም፤ እርጥብ ድንጋይ፤ ገና ነው።»
በቀን አርባ ዓይነት፣ በመከር ስልሳ፣
እንዲህ ቀመሰች ዓመት ሠላሳ።
«ተቀምጦ መብላት!» እላለሁ በሆዴ፣
ጉልበቴን እያሸሁ ቆሜ ከመንገዴ።

ሪዝሊንግ ይሉታል የኛን መንደር ወይን፤
ጎምዛዛ ነው፣ ሲጠጡት ያስጨፍናል ዓይን።
ሰው ግን ይወደዋል፤ «ሕያው ነው» ይላሉ፣
ከሃምቡርግ መጥተው ወርቅ ይከፍላሉ።

ንጹሕ ሰው ናት ሂልትሩድ፤ ቀኑ ሲጠናቀቅ፣
ገና ከበር ገብታ፣ ካፖርት ሳታወልቅ፣
መስታወቱ ፊት ቆማ፣ ብሩሿን አጥብቃ፣
ጥርሷን ትፈትጋለች እንደ ወጥ ቤት ዕቃ።
እናታችን ሔርሚና፣ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት፣
«መጋረጃው ይታጠብ» ነበር ያለችው፤ ሂልትሩድም እሷን መሰለቻት።

መጀመሪያ ጫፉ ብርሃን አሳለፈ፣
እንደ ስስ ብርጭቆ ጠርዙ ተሸረፈ።
ቢጫው ገላ ወጣ፣ ከሥር የነበረ፤
ትኩስና ቀዝቃዛው እንደ መርፌ ሠረሠረ።
የልጅ ልጄ ክርስትና ላይ፣ ፎቶ አንሺው «ሳቁ!» ሲል፣
ሁላችን አገጠጥን፤
እሷ ከንፈሯን ገጠመች፣ እንደ ፖስታ።
«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፣ ልብ ሲያለቅስ ይስቃል፤
የሷ ግን ዘመድ ነበር፤ ሐዘኗን አወቀ፣
ከልቧ ቀድሞ እሱ ራሱ አለቀ።

ትሪር ይዣት ሄድኩ፣ ዶክተር ኦትማር ዘንድ፤
ልጅ እግር ሐኪም ነው፤ አየው አንድ በአንድ።
«ትል አይደለም፤ ስኳርም አይደለም፤
አሲድ ነው። ኢናሜል ከአጥንት ይጠነክራል፣
ግን ጎምዛዛ ሲነካው ላንድ አፍታ ይላላል።
መቼ ነው የምትቦርሺው?» ብሎ ጠየቃት።
«ወዲያው!» አለች እህቴ፣ ኩራት እየተሰማት።
ዶክተሩ ብዕሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤
እኔም ከበሩ ሥር ልቤ ደነገጠ።

«በውሃ ተጉመጥመጪ፤ ከዚያ ብሩሹን ተዪ።
ምራቅ ነው ሐኪሙ፤ አንድ ሰዓት ቆዪ።
የላላው ይጠናል፣ ጊዜ ካገኘ፤
የተፋቀው ግን...»
አለና መስኮቱን ተመለከተ።

ሰው ሲበስል «ምራቁን ዋጠ» ይሉታል፤
እህቴ በመትፋት በሰለች፤ ማን ያምናል?
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐኪሟን ተፋችው፣
የቀረውን ደግሞ በብሩሽ ጠረገችው።

ስንመለስ ዝናብ ነው። ከአውቶቡሱ መስኮት
የኛ ተራራ ይታያል፣ እርከኑ ሲናድ።
እኔ በየጸደዩ የወደቀውን ግንብ
መልሼ እክባለሁ፤ ድንጋይ ይታዘዛል።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤
ይሄኛው ሳቋን ነው አስቀድሞ የወሰደ።
ጉልበቴን ቆጥሬ፣ ስቀናባት ኖሬ፣
ጥርሷን አላየሁም አጠገቧ አድሬ።

አሁንም ትቀምሳለች፤ ግን አሥር፣ ቢበዛ።
ሲያልቅ በውሃ ትጉመጠመጥና
በረንዳው ላይ ትቀመጣለች፣ እጇን ታፋዋ ላይ አጣጥፋ።
ብሩሿ መስኮቱ ላይ ደርቋል።
እኔም በትሬን ተደግፌ ከጎኗ እሆናለሁ፤
የሷ ጥርስ፣ የኔ ጉልበት፤
ያው አንድ ወይን ነው የጠጣቸው።
የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አንዴ ሲመታ
«ደረሰ?» ትለኛለች።
«ገና ነው።»
ዝም እንላለን።
ምራቋን ስትውጥ ይሰማኛል።