የኮፒ ኮፒ

ሱቄ ፒያሳ ነው፣ ከፖስታ ቤቱ ጎን፣
አንድ ማሽን አለኝ፤ ሲፈልግ የሚያኮርፍ፣ ሲፈልግ የሚሆን።
ልደት አባዛለሁ፣ የክስ ማመልከቻ፣
የጠፋ ልጅ ፎቶ፤ አምስት ብር ብቻ።

ኡስታዝ ሙዘሚል ግን አንድ ነገር ነው ይዞ የሚመጣው፣
ደመወዝ እንዳለው ሰው፣ በወር በወሩ ቀን የማያዛንፈው፤
የቤቱን ካርታ። ኦምዱርማን ያለ፣ ሰማያዊ በር፣
ሁለት ክፍል፣ አንዲት የሎሚ ዛፍ፣
ለአላፊ መንገደኛ የውኃ እንስራ ከአጥሩ ሥር።
ዋናው የለም። ዋናው ገላባት ላይ በፍተሻ ቀረ፤
የተረፈው ኮፒ ነው፣ በልጁ ቀሚስ ገበር ተሰፍቶ የኖረ።

ማሽኑ ይበራል። አረንጓዴ ብርሃን ፊቱን ዳስሶት ያልፋል፣
የሚወጣው ወረቀት ካለፈው ወር ይልቅ ትንሽ ይሳሳል።
ከኮፒ ላይ ኮፒ፣ ከኮፒው ላይ ኮፒ፤ ማኅተሙ ደበዘዘ፣
በላዩ ያለው ወፍ ክንፉን ጣለ፤ ፊርማው እንደ ጉም ፈዘዘ።

"ኡስታዝ፣ ለምን ታባዛለህ? አንዱ አይበቃህም ወይ?"
"ትርንጎ" አለኝ (በነሱም አፍ ስሜ ፍሬ ነው፣ ሲጠራኝ ይስቃል)
"መንግሥት አታውቂም ወይ?
አንዱን ቢሮ ይበላዋል፣ አንዱን ዝናብ፣ አንዱን የኬላ ወታደር፤
እኔ የምከፍለው ለአራተኛው ነው፤ ለሚያድር።"

የሥነ ዜጋ መምህር ነበር።
ግማሹን ባማርኛ፣ ግማሹን አባቴ ከመተማ ገበያ ባመጣልኝ ዓረብኛ ያወራል፤
"ሠላሳ ዓመት ሕገ መንግሥት አስተማርኩ፤
መጽሐፉን ሳንጨርስ ሕጉ ይለወጣል።
ዳቦ ተወደደ። ተማሪዎቼ ወጡ፣
'ይውደቅ፣ በቃ!' እያሉ ጦር ሰፈሩ ደጅ ተቀመጡ።
እኔም ሄድኩ። አልዋሽሽም፣ ወሬ ለማየት ነው የሄድኩ፤
ሻይ ሻጯ ገንዘቤን አልቀበል አለች። ያን ማታ፣ አገር አለኝ አልኩ።
ወደቀ። ጨፈርን።
ከዚያ ሁለት ጄኔራሎች አንድ ወንበር አዩ፣
ከተማውን እንደ ጨርቅ ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲጓተቱ ቆዩ።"

ይህን ሲለኝ ሐሙስ ነው፤ መብራት ጠፋ።
ማሽኔ ወረቀቱን በአፉ እንደያዘ ቀረ፣
ግማሹ ሰማያዊ በር ወጥቶ፣ ግማሹ ውስጥ እንደታሰረ።
ከአዘዞ በኩል ተሰማ።
ባጃጆች ጡሩንባ ሳይነፉ ሮጡ፣
የሱቅ ቆርቆሮ እስከ ጃንተከል ተንኳኳ፤
ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይሰለፉ ወጡ።
እጄ ተንቀጠቀጠ። እሱ ጆሮውን ዘንበል አደረገ፣
የተሳሳተ ዜማ እንደሚያድን ደብተራ ድምፁን ፈለገ።
"ክላሽ ነው፤ ሩቅ ነው። ከመስኮቱ ራቂ፤
ካልደገመ ሥራሽን ሥሪ፤ ከደገመ ውኃ ቅጂና ጠብቂ።"

ስደተኛ ነው ብዬ በግማሽ ዋጋ የማባዛለት ሰው
በገዛ ከተማዬ መሸሸጊያ አሳየኝ።
ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። አፈርኩ ልበል፣ ወይስ ምንድን ነው?

ደገመ። ከዚያ ዝም አለ።
ስልኩም ዝም ካለ ሰንብቷል፣ ማንን እጠይቃለሁ?
ቢጠይቁኝስ ምን እመልሳለሁ?

ሲመሽ መብራት መጣ። ማሽኑ የቀረውን ግማሽ ተፋ፤
ስንጥር የመሰለ ነጭ መስመር በመካከል፣ አንድ ቃል የጠፋ።
ብሩን ቆጥሮ ዘረጋልኝ። "አልቀበልም" አልኩት።
ቆይቶ ቆይቶ አየኝ። ምን እንዳልኩ የገባኝ እቤቴ ስገባ ነው።

በር ላይ ቆሞ፣ "ያንቺስ ካርታ?" አለኝ።
"ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከእናቴ ነጠላ በታች።"
"ነገ አምጪው። ቀለምሽ ሳያልቅ።"

አመጣሁት።
የመጀመሪያው ኮፒ ጥቁር ነው፤ ሁሉም ፊደል ይነበባል።
"ገበር የሚሰፋ ታውቃለህ?" ብለው፣
"ኢስራ ትችላለች" አለ፣ "እጇ ለምዷል።"