ይጠብቃል፣ ይላላል

መሐል ሜዳ፣ ሐምሌ።
ጉሙ ከጓሳ ወርዶ ከችሎቱ ደጃፍ ተኝቷል፣
የዳኛዋ ካባ ረጥቧል፣ የባለጉዳዩ ባና ይሸታል።
እኔ መዝገብ ጸሐፊዋ በጣቶቼ ላይ እተነፍሳለሁ፤
ሲሞቁልኝ እጽፋለሁ።

ተከሳሽ፦ ወንዳፍራሽ ጥላዬ፣ ሥራው ባና መሥራት፣
ዕድሜው ስድሳ ሁለት፣ የቀድሞ ሪከርድ የሌለበት።
ክሱ፦ ምርጫው አሥር ቀን ሲቀረው፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ከበግ ተራው፣
ስለ አንድ ዕጩ ሐሰት የሆነ ነገር፣ ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ተናገረው።
ነገሩ ሁለት ስንኝ ነው፤
ዐቃቤ ሕጉ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ አነበበው፦

   «ለማኅበሩ መጡ አርባ አውራ በጎች፤
   ዘንድሮስ በላቸው፣ እወቁ መራጮች!»

ሳቅ አመለጣቸው የኋላ ወንበሮች።

ጠበቃው ተነሣ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ጫማው ጭቃ የበላ፤
«ክብርት ዳኛ፣ ይህ ቃል ላልቶ ይነበብልኝ፤ አትጠብቅም ላ።
ላልታ ስትነበብ የዕጩው ስም ናት፣ ከድምፅ መስጫው ላይ ያለ፤
ሽማግሌው ‹በላቸውን ምረጡ› ነው ያለ።»
ዐቃቤ ሕጉም «ጠብቃለች» አለ፤
«ጠብቃ አርባ በግ በልታለች፤ ገበያው ሁሉ ሰምቷል።»
ዳኛዋ ወደ እኔ ዞሩ፤ «መዝገቡስ ምን ይላል?»

ምን ይላል መዝገቡ?
በ፣ ላ፣ ቸ፣ ው። አራት ፊደል።
ወረቀት ላይ አይጠብቅም፣ አይላላም፤
ለዚህ የሚሆን ቁልፍ ኮምፒውተሬ ላይ የለም።
«እንደተጻፈው ነው» አልኩ።

እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።
ቅቤ ልገዛ ወጥቼ፣ ከአጥሩ ጥግ ቆሜ፣
ሰምቻለሁ በገዛ ጆሮዬ፤
ምላሱን ከላይኛው ድዱ ለጥፎ፣ አዘግይቶ፣
እንደ ባናው ክር አጥብቆ ነው ላን የሳባት።
ሳቅሁ። ማታውኑ ለወንድሜ ሚስት ነገርኳት።
እሷ ለወፍጮ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ ለሞላሌ መኪና፤
አርባው በግ መንገድ ላይ ሰማንያ ሆነና
ይፋት ቆላ ሲደርስ በግነቱን ትቶ በሬ ሆነ።

በጎቹ ነበሩ።
ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ እነሱም ተቆጠሩ፤
ሠላሳ ሰባቱ በሕይወት፣ ሦስቱ በሳንባ በሽታ ሞተው፣
ቆዳቸው ከነጆሮ ቁጥሩ ከማኅበሩ መጋዘን ተሰቅሎ፤
አቶ በላቸው አልሸጠውም፣ ቀን ይመጣል ብሎ።
ቀኑ መጣ፤ እሱ ግን በዘጠና ድምፅ ወድቋል።
«ሠላሳ ሰባት ከሦስት ቆዳ» የሚል ስንኝስ ለማን ይጥማል?

እኔን ማንም አልጠየቀኝ።
ጸሐፊ አትመሰክርም፤ ትጽፋለች።

ሕጉን አንብቤዋለሁ። «ሕግ ይጠብቃል» ይላሉ፤
እሱንም ስጽፈው አይለይልኝም፣
ዘብ ይቆማል ማለት ነው ወይስ አንገት ላይ ይጠናል?
ነገ በእውነት የበላው ሰው፣ ይህንኑ አንቀጽ ይዞ
የባና ሠሪውን አፍ ቢሰፋ፣ ማን ይተረትረዋል?
ቢላላስ? የሰው ስም አንዴ ከተነከሰ
የትኛው ይግባኝ ሰሚ ነው ቁስሉን የላሰ?
አላውቅም። ደመወዜ እንዳውቅ አይደለም የሚከፈለኝ።

«ጥርጣሬው ለተከሳሽ» አሉ ዳኛዋ። ማኅተም መታሁበት።
ወንዳፍራሽ ባናውን ተከናንቦ ሲወጣ፣ ከደጃፉ
በላቸውን አገኘው። ቆሙ።
ስለ ገብሱ ተጠያየቁ። በረዶ መትቶት ኖሯል፣
የሁለቱንም።

ኅዳር፤ ውርጭ።
አንዲት ልጅ የስም ለውጥ ማመልከቻ ይዛ መጣች፤
አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት፣ እናቷ ከኋላ ቆማለች።
«ስም?» «ትርንጎ።»
«የአባትሽ?»
ከመስኮቱ ውጭ ተማሪዎች ያልፋሉ፤ እስኪያልፉ ጠበቀች።
ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንቁላል ከድንጋይ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣
ላን አላልታ፣ አሁንም አላልታ ነገረችኝ፤
እንዳልሰማ ፈርታ ደገመችልኝ።

ጻፍኩት።
ያው አራት ፊደል።