ቁናው ሲተነፍስ

ዛንዳም ነው፤ ከቦዩ ዳር ያለ አረንጓዴ ቤት፣
መሠረቱ ግንድ ነው፤ ውሃ ነው የግንዱ ሕይወት።
እስከ አናቱ ከሰጠመ መቶ ዓመት ይችላል፣
አየር የነካው ቀን ግን ከጫፉ ይሻግታል።

ሰኔ ዝናብ ነሣ፤ ሐምሌም። የጎረቤት ግድግዳ
ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ትሬንቼ በማለዳ
የሲብራንድን በር አንኳኳች፤ ልጁ ዐሥራ አምስቱ ነው፣
መዳፍ የማትሞላ የኮምፒውተር ሰሌዳ መጫወቻው።
«ከቤቴ ሥር ያለው ውሃ ስንት እንደሆነ ንገረኝ፤
ግምት አልፈልግም፤ ግምት ሌሊቱን አላስተኛኝ።»

ጓሮዋን ቆፍሮ ልጁ ረጅም ቧንቧ ቀበረ፣
ከቧንቧው ግርጌ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ግፊት ሰሚ አኖረ፤
አውራ ጣት የሚያህል ነው፤ ከራሱ ባትሪ ጉልበት ያገኘ፣
ሽቦው ኩሽናውን ዞሮ ከሰሌዳዋ ተገናኘ።

አምስት መቶ ሰባት።
አምስት መቶ ሠላሳ።
አራት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ።
ደግሞ ያው ሠላሳ።

«ውሃው ይነሣል፣ ይወድቃል» አለ ሲብራንድ ተገርሞ።
«የረጋ ውሃ እንደ ቁንጫ ሲዘል የት አየህ ደግሞ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች ካካዎ ፋብሪካ፣
ጆንያ ስታወጣ ስታወርድ፣ በግራም ስትለካ፤
ሚዛን ሲዋሽ፣ ታውቃለች፣ ከጆንያው አይደለም ጉዱ፤
ከወለሉ ነው፣ ከነፋሱ፣ ወይም ከመዛኙ ክንዱ።

ያን ሌሊት ወንበር ስባ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠች፣
እርሳሷን በጥርሷ ይዛ ቤቷን አዳመጠች።
ሰዓቱ። የቦዩ ጀልባ። የራሷ ጉልበት ሲንቋቋ።
ከዚያ ማቀዝቀዣው አስሎ፣ አጓርቶ፣ ከእንቅልፉ ነቃ፤
ቁጥሩም ዘለለ።
ጻፈች፦ «ሰባት ከሩብ። ሳለ። ዘለለ።
ሰባት ተኩል። ተኛ። ተኛ።
ስምንት ሰዓት። ሳለ። ዘለለ።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤
ቁናው ራሱ ሲሰፋ ሲጠብስ፣ ምን ይባላል?

ሲነጋ ደብተሩን አየና ልጁ መልቲሜትር ደቀነ፤
አምስት ቮልት የተባለው ቻርጀር፣ ማቀዝቀዣው ሲነሣ፣
አራት ነጥብ ሰባት ሆነ።
ሰሌዳዋ በዚያ ነበር ውሃውን የምትሰፍረው፤
ቁናው ባነሰ ቁጥር፣ ስፍሩ ብዙ መስሎ የታያት ለዚህ ነው።
«ውሃው አልዋሸም» አለች፤ «ስንዝርህ ነው የሚኮማተረው።»

ማቀዝቀዣ ቢያስል ባያስል ቮልቱ የማይናወጥ፣
ከጥፍር የምታንስ ቺፕ አመጣ፣ ለሰሌዳዋ ቁና እንድትሰጥ።
የምስር ፍሬ የምታህል ካፓሲተርም ጨመረ፣
ሽቦው ከመንገድ የለቀመውን ጫጫታ ውጣ እንድታስቀረው።
«አሁን ባዶውን መዝን» አለች። ሽቦውን ከመሬት አገናኘ፤
ከምንም ላይ፣ ከባዶ ላይ፣ ሁለት የሚል ቁጥር ተገኘ።
«እሷን ሁለት ከሁሉ ቀንስ። እኛም የጆንያውን ክብደት
እንቀንስ ነበር፤ ካካዎ መስሎት የከፈለ ነጋዴ አለበት።»
ስልሳ አምስቴ አስለካ፤ የመጀመሪያዋን ጣለ፣
የቀደመው ንባብ ትዝታ ይቀርባታል እያለ፤
ስልሳ አራቱን ደምሮ አካፈለ።

ስድስት መቶ አራት።
ስድስት መቶ አራት።
ማቀዝቀዣው ሳለ።
ስድስት መቶ አራት።

ሲብራንድ ጨበጨበ። እሷ ግን ደብተሯን አልዘጋችም፤
ሳምንት ቆጠረች፤ ሁለት ሳምንት፤ እስክታውቀው አልወጣችም።
ስድስት መቶ ሦስት። ሦስት። ስድስት መቶ አንድ።
ጫጫታው ሸሽጎት ኖሯል፤ ውሃው ነበር የሚሄድ፣
በጣም ቀስ እያለ፣ ከግንዱ አናት ሥር።

መሰላል ተደግፋ ወጣች፤ የጣራውን አሸንዳ
ከቦዩ ነጥላ ወደ ጓሮዋ አዞረችው፣ ለጥማቱ ማለዳ፣
ዝናብ የመጣ እንደሆነ።

«ግን» አለ ልጁ ከታች፣ መሰላሉን እንደያዘ፣
«የመጨረሻዋ አኃዝ አሁንም አንዳንዴ ትንቀጠቀጣለች፤
ምን ላድርጋት?»
«ተዋት» አለች። «ፋብሪካ ውስጥ ፈጽሞ የማይንቀጠቀጥ
የሚዛን መርፌ ካየን፣ ያኔ ነበር የምንደነግጥ፤
ወይ ዝጓል፣ ወይ አንዱ በጣቱ ይዞታል።»