ቃል አቀባዩ

የፋብሪካው ጡሩምባ፣ ፈረቃ ሲቀይር፣
ሱፉን ከጸጉሯ ሳታራግፍ፣ ትመጣለች ስትበር፤
እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሻማ ይዤ እቀመጣለሁ፣
የረሳ ተዋናይ ሲኖር፣ ቃሉን አንሾካሹካለሁ።
ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ለሌላው አፍ ቃል ማቀበል፣
ጭብጨባው ሲመጣ ደግሞ፣ ጨለማ ውስጥ መከለል።

ዘመኑ የኪነት ነው፤ ፋብሪካው፣ ቀበሌው፣
ከበሮና መፈክር፣ የሌለው የትኛው?
ደብረ ብርሃን ብርዱ፣ አዳራሹን ሞልቶት፣
ሰዉ ትንፋሹን ያያል፣ እንደ ጭስ ተንሳፎት።
ለደብሪቱ የደረሳት፣ አንዲት መስመር ብቻ፣
የአሮጊት ሚና ነበር፣ ከጥግ መቀመጫ።
«በሩን ዝጉት ልጆቼ፣ ብርድ ገባ» ነው ቃሉ።
ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፤ ጥርሷም ነጭ ነው ሁሉ።
ላንሾካሹክ ስዘጋጅ፣ እሷ ጉልበቷን አቀፈች፣
ትከሻዋን ሰበሰበች፣ ወዲያው ሰባ ዓመት ሆነች።
ተናገረች።
ከኋላ አንድ ጥበቃ፣ ካፖርቱን ቆልፎ፣
የአዳራሹን በር ዘጋ፣ ሰዉን ሁሉ አልፎ።
ማንም አልሳቀበትም፤
አመሰገኑት እንጂ።

በዓመቱ፣ አውቶቡስ ላይ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣
ጫጫን አልፋ ሄደች፣ ዞር ሳትል፣ ሳታለቅስ።
(ብርድ ልብሱ ከመጋዘን ነው፤ መዝገቡ ላይ የለም፤
ማን እንዳወጣው ዛሬም፣ ብጠየቅ አልናገርም።)

ሦስት ዓመት መጥረጊያ ይዛ፣ ገረድ ሆና ቆመች፣
«አቤት እትዬ» ብላ፣ ከመድረኩ ወጣች።
ቀጥሎ ንግሥት ሆነች፤ ዘውዱ ቆርቆሮ ነበር፣
ደም ሲወርድ ከግንባሯ፣
ተመልካች መሰለው፣ የድርሰቱ ምሥጢር።
ሳንሱሩ አንዲት ቃል ሰርዞ፣ «ይህን አትበይ» አላት፤
ቃሏ ጋ ስትደርስ ዝም አለች፤ ሰዉ በልቡ ሞላላት።
ከዚያ ደግሞ ፊልም መጣ፤ ፊት በግድግዳ ሙሉ፤
ለመድረክ የጮኸውን አፍ፣ ቀስ በል አሉት፣ አሉ።
ዓይንሽ ብቻ ይናገር፣ አሏት። ተናገረ።

አግብታ ነበር ሁለቴ፤ ሁለቱም ተመልካች ነበሩ፣
ጨዋታው ሳያልቅ፣ ወንበር ለቀው የቀሩ።

በቴሌቪዥን መጣች፤ ክፉ አማት ሆነች፤
እሑድ ማታ፣ በሻይ፣ ምራቷን ገደለች።
ለጥምቀት አገሯ መጥታ፣ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ፣
«ሽንኩርት ስንት ነው?» ብትል፣ ባልቴቷ ተቆጥታ፣
«ላንቺ የሚሸጥ የለኝም! ያቺን የመሰለች ልጅ!»
አለች፣ ሚዛኗን ደፋች፤ ሰው ከበበን እንደ ሰርግ ደጅ።
እኔ አፈርኩ። እሷ ግን፣
ጠባሴ እስክንደርስ ድረስ፣ ሳቋ አላቋረጠም፤
«ሽልማቴን አየህ?» አለች፤ «ከዚህ የሚበልጥ የለም።»
ሽንኩርቱን ተመልሼ ገዛሁት፤ እሷ አላወቀችም።
ባልቴቷ «ለማን ነው?» ብትል፣ ለእናቴ አልኩ። እናቴ የለችም።

አሁን ተመልሳለች፤ ጠባሴ፣ ሁለት ክፍል፤
ፎቶዎቿ ካርቶን ውስጥ፤ «አንዱም አይሰቀል!»
መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የቁልፉን ቦታ፣
ቀጥሎ ቀኑን፣ ጧቱን ከማታ፣
የንግሥቲቱን ቃል፣ የአማቲቱን ቁጣ፣
በመጨረሻ የልጇን ስም፣ ከሐዋሳ ሲመጣ።
እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ከበር መጋረጃው ጀርባ፣
ቃል አቀብላታለሁ፣ እንግዳ ሲገባ።
«ይልቃል ነው፣ ልጅሽ፣» ስል በሹክሹክታ፣
«ይልቃልዬ!» ትላለች፣ እጇን ዘርግታ።
ያወቀችው ይመስለዋል። ጥሩ ተጫወተች፤
ወይም ደግሞ ማን ያውቃል፣ እውነት አስታወሰች።

ትናንት ማታ፣ ኅዳር፣ ውርጩ ሣሩን ሲያሳርር፣
ያ የመጋዘኑ ብርድ ልብስ፣ እግሯ ላይ ነበር።
ጉልበቷን አቀፈች፣ ትከሻዋን ሰበሰበች፤
አላየችኝም።
ማንም ቃል ሳያቀብላት፣ አንዲትም ሳትጎድልባት፣
«በሩን ዝጉት ልጆቼ፣ ብርድ ገባ»፤ ወጣላት።

በሩ ከመሸ ጀምሮ፣
ዝግ ነው፤ መቀርቀሪያው ተወርውሮ።
ተነሣሁ፤ ካፖርቴን ቆለፍኩ።
ከፈትኩት፣
እንደገና ዘጋሁት።