የግራ እጅ ጓንት

ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
አንዲት ልጅ መጣች፣ ይዛ ትንሽ ሥራ፤
በፌስታል ጠቅልላ፣ መዳፍ የማይሞላ፤
ጨርቅ ነው እንዳልል፣ ክሩ ብቻ ቀርቶት፣
ክር ነው እንዳልል፣ ዋጋ ተለጥፎበት።

"ላስቲኩ ላልቷል፣ ጋሼ፣ ለዛሬ ማታ ነው፤
ታች፣ ምድር ቤቱ ክለብ ነው የምሠራው።"
ኤፍራታ ትባላለች። መዝገቤ ላይ ጻፍኩት።
ከስሟ ፊት ለፊት "ልብስ" ልል አሰብኩና "ጥገና" ብዬ ተውኩት።

መነጽሬን ጠርጌ፣ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ፣
ሃምሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ፣ እጄ ብቻውን ገባ፤
ወደ ዶሮ ማነቂያ፣ ወደ ሙሴ ሀጎፕ ጓዳ፣
ፈርጥ ስቆጥር ወደማመሽበት፣ ለሌላ ሰው ዕዳ።

ዘርፈሽዋል ነው ስሟ፤ ለመድረኩ ግን አጥሯል፣
"ዛዛ" ተብሎ ተቀዶ፣ በቀይ ቀለም ሰፍሯል።
ሰባት ሜትር ከፈይ፣ የኮሽም ቀይ ያለው፣
ገበሩ ንጹሕ ሐር፣ ማንም የማያየው።
አርባ ሁለት ቁልፍ ከጀርባ፣ ሁሉም ጨርቅ የለበሱ፤
አንዷን እስክትፈታ፣ ጥሩምባ ነፊዎች ሁለቴ ተነፈሱ።

ጓንቷ ክርን ያልፋል። ከግራው ትጀምራለች፣
ትንሿን ጣት በጥርሷ ይዛ፣ አሁን ነው ስንል ትተዋለች፤
አንድ ነገር ቤት እንደረሳ ሰው ዞር ብላ ትቆማለች፤
ታምቡሩ ሲለምናት፣ ሁለተኛ ጣት ትጨምራለች።
እንዲህ እንዲህ እያለ ሌሊቱ ሲጋመስ፣
የታየው አንድ ክንድ ነው። እስከ ክርን። ከዚያ መመለስ።

አንድ ክንድ!
ከፊት የተቀመጠ ሻምበል ብርጭቆው ተሰብሮበት
ደሙን አላየም አሉ፣ ቬርሙቱ መስሎት።
እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ፣ መርፌ በከንፈሬ ይዤ፣
የራሴን ስፌት አያለሁ፣ በኀፍረትም በኩራትም ደንዝዤ።

"ጋሼ፣ አለቀ?" አለችኝ። ስልኳን እያየች ነበር።
ሁለት ስፌት ነው፤ አለቀ። ምን አለውና የሚነገር!
"እናንተ ጋ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" ብዬ ጠየቅኳት።
"አንድ ዘፈን። ሦስት ደቂቃ፣ ዲጄው ካላሳጠራት።"
ሰዎቹስ?
"እኔንም የሚያዩኝ በስልካቸው ነው።
መብራቱ ሰማያዊ ነው፤ ፊት አይለይም።
ብሩን ግን..." ብላ ተወችው።

ያኔ ምላሴ ተፈታ። ቁልፉን፣ ጓንቱን፣ ከፈዩን፣
ያ ዘመን የአባቴ ርስት ይመስል፣ አወራኋት ሁሉን።
"ድሮ ምስጢር ነበር የሚሸጠው" አልኳት፣ "ዛሬ ሥጋ በኪሎ።"
ሰማችኝ። ፌስታሏን በአራት አጠፈች፤ ቀስ ብላ፣
"እና ሴትዮዋስ ጋሼ? ምን ሆነች በኋላ?"

በኋላ።

በኋላማ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣
በእግሯ ነበር ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የምትወርደው፣ ጥላ መስላ።
ከፈዩ የእሷ አልነበረም፤ በዱቤ ነው ያለበሷት፣
በየቁልፉ ሠላሳ ሳንቲም ከደሞዟ እየቆረጡባት።
ደብተሩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ጽሕፈትህ ያምራል ብለውኝ።

ቀኝ ጓንቷን ደግሞ
(ይኼንን ለኤፍራታ አልነገርኳትም፣ አፌ ላይ ደረቀብኝ)
ቀኝ ጓንቷን አንድም ሌሊት አውልቃው አታውቅም ነበር።
አዳራሹ ጥበብ አለው፤ የሚያውቅ ሁሉ ሲደነቅ ነበር።
እኔ ግን ስለካት አይቻለሁ፤ ከክርኗ እስከ አንጓዋ
የሲጋራ ጠባሳ ተደርድሯል፣ ልክ እንደ ቁልፎቿ።
የማን እጅ እንደሆነ አልነገረችኝም።
"ጓንቱን ትንሽ አስረዝመው" አለችኝ።
አስረዘምኩት።
በጣም ቆንጆ አድርጌ ሰፋሁት።

"ስንት ነው?" "ሃምሳ ብር።" መቶ አስቀመጠች፤ መልስ አልጠበቀችም።
በሩ ላይ ደርሳ ቆመች፣
አንድ ነገር ቤት እንደረሳ ሰው።
"ጋሼ፣ ጓንት ቢሰፉልኝስ? ረጅሙን?"

ሜትሬን ዘረጋሁ።
ግራ እጇን ሰጠችኝ።
ቀኙ ከጃኬቷ ኪስ አልወጣም።
የግራውን ልክ ይዤ
"ለሁለቱም" ብዬ ጻፍኩ።