ከዛፉ ቀጥሎ

ሦስት ሌሊት ሙሉ ዐይኑን ሳይከድን
እግር ሲቆርጥ፣ ሲሰፋ፣ ዶክተር ኤፍራይን፣
በቻኮ በረሃ፣
ሠራዊት በጥይት ሳይሆን በውሃ
ጥም በሚያልቅበት፣
እንደ እርጉዝ ሴት
እብደት አማረው አንድ ቀን በጠዋት።

ካፖርቱን ገልብጦ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣
ኬብራቾ ዛፍ ሥር ቆመና ተክዞ
ግንዱን ጠየቀው፦ «ከመቼ ጀመረህ?
ሲያስልህ ያምሃል? ሌሊት ላብ አለህ?»
ፋሻ ጠመጠመ።
ሻለቃ ቪላግራ መጣ፣ አየ፣ ቆመ።

«አበደ» ይለኛል፤ ሁለት ሳምንት ፈቃድ፣
ነጭ አንሶላ፣ አሱንሲዮን፣ በጀልባ መንጎድ፣
ብሎ ሲጠባበቅ፣
ሻለቃው ጎንበስ ብሎ ግንዱን ሲጠይቅ፦
«የየትኛው ጦር ነህ?»

ከኋላ ቁስለኞች ሰልፍ ይዘው ቆመዋል፤
አንዱ ክንዱን ታቅፎ
«ከዛፉ ቀጥሎ ተራው የኔ ነው» ይላል።

ኤፍራይን ሳቀ። ሳቁን ዋጥ ቢያደርገው
አልዋጥ አለ ሳቁ፤ ጉልበቱም ከዳው።

ረዳቱ ቶሪቢዮ ከግንዱ አስደገፈው፣
ፊቱ ላይ ያረፈውን ዝንብ በቆቡ አባረረው፤
ለሰልፈኛው ሁሉ፣ በሹክሹክታ፦
«ዝም በሉ፣ ታገሡ፤ ለሩብ ሰዓት ያህል
ሐኪሙን ዛፉ ይመረምረዋል።»