አንዲት የማውቃት ሴት

ቦሎኛ፣ ሐሙስ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣
የሰው እናት ለልጇ አስረክበን የምንወጣበት፣
ከኤሊዎቹ ኩሬ ዳር፣ ቅጠሉን ካራገፈው ዛፍ ሥር፣
ለሦስት ሰው የተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆነን የምንጠብበት።

መጀመሪያ የምናወራው ስለ ሰው ገላ ነው፦
የእኔዋ ሲኞራ ኖርማ ግፊቷ ዛሬም እንደ ጨመረ፣
የብርዛፍ ሽማግሌ ሌሊቱን ሲቃዥ እንዳደረ፣
የአስካለዋ እመቤት ክኒኑን ምላሷ ሥር ደብቃ፣
አበባው ማሰሮ ውስጥ እንደምትቀብረው ሰው ዞር እስኪል ጠብቃ።
ክንዳቸውን ጠቅልለን፣ ነፍተን፣ አስተንፍሰን፣ ቆጥረን፣
ቁጥሩን በደብተር አስፍረን፣
የራሳችንን ክንድ አንድ ቀን ሳንጠይቀው ኖረን።

ቀጥሎ አገር ቤት ይገባል፣ በዘርትሁን አፍ፣ በዝግታ።
እናቷ ወልድያ ናቸው፤ "ደህና ነኝ" ይላሉ ማታ ማታ።
"ደህና ነኝ" ሲበዛ ነው እኛ የምንጠረጥረው።
ስኳራቸው አልወርድ ብሎ፣ እግራቸውን ጫማ የላጠው
ቁስል ወር ሞልቶታል፤ የነገራት የጎረቤት ልጅ ነው።
"ማር ይቀቡት" አለች ብርዛፍ። "ኧረ ተይ አንቺ፣ ተይ!"
አስካለ ናት፤ "ቀለሙን ጠይቂያቸው፣ ጠቁሯል ወይ?
ከጠቆረ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት፤ ለነገ የሚተርፍ የለም፤
አባቴን በነገ ነው ያጣሁት። ስኳር ነገ አያውቅም።"

እኔ ለኤሊዎቹ ዳቦ እቆርሳለሁ፣ አፌን ይዤ።
ስድስት ሳምንቴ ነው፣ አንዲት አተር አርግዤ፤
ገላዬን ስታጠብ ያገኘኋት፣ በግራ፣ ከብብቴ ጋ፣
ከልጄ ደብቄ፣ ከጸሎቴም ደብቄ፣ እየዳበስኳት እየነጋ።

"አንዲት የማውቃት ሴት አለች" አልኩ፣ ዓይኔን ከውሃው ሳልነቅል፣
"ሞደና ነው የምትኖረው። ጠይቂልኝ ብላኝ፣ እኔስ ምን ልበል?
አተር የምታክል ነገር፣ ጡቷ ላይ። ስትነካው አያማትም፤
አለማመሙ ነው ያስፈራት። እንቅልፍ የሚባል የላትም።
ሥራዋን እንዳታጣ ትፈራለች፤ ልጇ ገና ተማሪ ነው።
የታመመ አስታማሚ ማን ይቀጥራል? ሁልጊዜ የምትለኝ ይህን ነው።"

አንዲት ኤሊ ብቅ አለች። ማናቸውም ፊቴን አላዩም።
ወዳጅ አንዳንዴ ፊት አያይም።

"ጠበል..." ብላ ጀመረች ብርዛፍ። "ጠበሉም ይደርሳል በኋላ"
አለቻት አስካለ፣ አንገቷን ወደ ኩሬው አዘንብላ።
"ንገሪያት። አንዲት አውቃለሁ፣ ውሃ ብቻ ሆኖላት፣ በመርፌ ተቀድቶላት የሄደች በሰላም፤
ሌላም አውቃለሁ፣ ስትፈራ የቆየች። የእሷን ስም አልጠራም።
አተር ሁሉ አንድ አይደለም፤ በጣት ደግሞ አይፈታም።
ማክሰኞ ጠዋት ትምጣ። ጣሊያንኛው ከከበዳት
እኔ አብሬያት እገባለሁ፤ ዶክተሩ ያለውን ቃል በቃል፣ ሳልቀንስ ላስረዳት።"

ዘርትሁን ቀጠለች፣ ሳታስበው፣ መሐረቧን እያጠፈች፦
"ሲኞራ ኖርማን እስክትመለስ እኔ እጠብቅላታለሁ" አለች።

ለሞደናዋ ሴት ሲኞራ ኖርማን ማን ሰጣት?
ማንም አላረማት።
እኔም አላረምኳት።

አሥራ ሁለት ሊሆን ነው። እንደ ልማዳችን ተነሣን፣
ፍርፋሪውን ከቀሚሳችን አራገፍን፣ ቦርሳችንን አነሣን።
ብርዛፍ ብቻ ቀረች ተቀምጣ፣ እጇ ወገቧ ላይ እንዳለ፣
የጫማዋን ጫፍ እያየች፣ ድምጿ እየዋለለ፦
"እኔም እኮ... አንዲት የማውቃት ሴት አለች..."

አውቶቡሱ መጣ። ሄደ።
ተመልሰን ተቀመጥን፤ ጠጋ ጠጋ ብለን
ለዚያችም ሴት ቦታ ለቀቅንላት።